አልዘረጋ ያለውን ወፍራም የሶፍትዌር ማኑዋል ፈትቶ እንደገና መጠረዝ

ሁለቱም እጆች ኪቦርዱ ላይ ናቸው። ዓይን ከስክሪኑ ወደ መጽሐፉ፣ ከመጽሐፉ ወደ ስክሪኑ ይመላለሳል። የሚፈለገው አንድ ትእዛዝ ነው፤ ከሥሩ አምስት ስድስት አማራጮች ተዘርዝረዋል። ሁለተኛውን ጽፈው ሦስተኛውን ለማየት ዞር ሲሉ መጽሐፉ ራሱን ዘግቶ ይጠብቅዎታል። እንደገና ይገልጡታል። ስልክዎን አንዱ ገጽ ላይ ያስቀምጡበታል፤ ስልኩ ተንሸራቶ ይወርዳል። በክርንዎ ሊይዙት ይሞክራሉ። በመጨረሻ ተናደው መሃሉን በመዳፍዎ ሲጫኑት ጀርባው ቀጭ ይላል። ከዚያች ድምፅ በኋላ መጽሐፉ የሚገለጠው እርስዎ በፈለጉት ቦታ ሳይሆን በተሰበረበት ቦታ ነው።

እኔ ይህን ለዓመታት ታግሼ ኖሬያለሁ። ትዕግሥቴ ያለቀው የተበላሸ ዳታቤዝ ከመጠባበቂያ ቅጂ ስመልስ ባደርኩበት ሌሊት ነው። ከኢንተርኔት ጋር ያልተገናኘ ሰርቨር ነበር፤ በእጄ የነበረው ዘጠኝ መቶ ገጽ ያለው የታተመ ማኑዋል ብቻ ነው። የምፈልገው የትእዛዞች ሰንጠረዥ ከገጽ 611 ይጀምራል። ገለጥኩት፤ ከ610 ቀጥሎ 613 መጣ። ቅጠሉ መቼ፣ የት እንደወደቀ አላውቅም። በቦታው የቀረው እንደ ደረቀ ሰም የሚፈረፈር ቢጫ ሙጫ ብቻ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ያን መጽሐፍ ቆርጬ ከፋፈልኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ወፍራም ማኑዋል ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ አልተቀመጠም። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሠራበት፣ ስሳሳትበትም የቆየሁትን አሠራር ነው።

ጥፋቱ ከየት እንደመጣ

ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚያነበው። ማኑዋል ግን እጅ ሥራ ላይ ሳለ የሚታይ መጽሐፍ ነው። በተጨማሪም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነበብም፤ አሥር ወይም ሃያ ገጾቹ መቶ ጊዜ ይገለጣሉ፣ የቀሩት አንድ ጊዜም ላይገለጡ ይችላሉ። ስለዚህ ጫናው የሚያርፈው ሁልጊዜ በእነዚያው ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው።

ይህ ቀድሞ የታወቀ ነገር ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያቀርብ መመሪያዎቹን በጨርቅ በተለበጠ የቀለበት ማኅደር ከነማስገቢያ ሣጥኑ ነበር የሚሰጠው። የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ቪኤምኤስ የተባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት መመሪያዎችም በረድፍ የሚደረደሩ የቀለበት ማኅደሮች ነበሩ፤ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ኋላ ግራጫ። ቁጥራቸው ከመብዛቱ የተነሳ ተጠቃሚዎች ግራጫውን ስብስብ «ግራጫው ግድግዳ» ብለው ይጠሩት ነበር። ቀለበት ሁለት ነገር ይሰጣል፦ ገጹ ተዘርግቶ ይተኛል፤ ሶፍትዌሩ ሲሻሻል ደግሞ የተለወጡት ቅጠሎች ብቻ ወጥተው አዲሶቹ ይገባሉ።

ዛሬ በብዛት የሚገኘው በሙጫ ብቻ የተጠረዘው ነው። በዚህ አሠራር የታጠፉት የወረቀት ክፍሎች ተደራርበው ጀርባቸው ይላጫል፤ በዚህም እያንዳንዱ ቅጠል ነጠላ ይሆናል። ከዚያ የቀለጠ ትኩስ ሙጫ ይቀባና ሽፋኑ በላዩ ይለጠፋል። የተለመደው ሙጫ ኢቪኤ የሚባለው ነው፤ በሰኮንዶች ውስጥ ይረጋል፣ ዋጋው ርካሽ ነው። ነገር ግን ግትር ነው፤ በብርድ ይሰባበራል፣ በሙቀት ይላላል። ፒዩአር የሚባለው ሌላው ሙጫ የበለጠ ተጣጣፊና ጠንካራ ቢሆንም ያን ያህል አይዘወተርም።

የተሻለ መንገድ እንዳለ አሳታሚዎችም ያውቃሉ። ኦራይሊ የተባለው አሳታሚ የኮምፒውተር መጻሕፍት ተዘርግቶ በሚተኛ ጥረዛ ይወጡ ነበር፤ ምሥጢሩ ሽፋኑ ከጀርባው ጋር አለመጣበቁ ነው። መጽሐፉ ሲገለጥ ጀርባው ብቻውን ይታጠፋል፣ ሽፋኑ ተለይቶ ይቆማል። በመጨረሻው ገጻቸው ላይ ግን የገጹ ብዛት ከዚህ ጥረዛ አቅም ካለፈ የተለመደው የሙጫ ጥረዛ እንደሚሠራበት ይገለጽ ነበር። ያን ባነበብኩ ቁጥር ይቆጨኛል፤ ተዘርግቶ መተኛት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ያው ወፍራሙ መጽሐፍ ነውና።

ደረጃ 1፦ ቢላ ከማንሳትዎ በፊት ይመርምሩት

መጽሐፉን ያቁሙና የጀርባውን አናት ከላይ ይመልከቱ። ቅጠሎቹ እንደ ትናንሽ ቅስት ተሰብስበው በቡድን በቡድን የሚታዩ ከሆነ ወደ እያንዳንዱ ቡድን መሃል ይግለጡ፤ ክር ካገኙ መጽሐፉ የተሰፋ ነው። የተሰፋን መጽሐፍ አይቁረጡ። በትዕግሥት ሲያለማምዱት ይተኛል፤ ቢላልም ጀርባውን በሙጫና በጨርቅ ማጠናከር ይበቃዋል። ቅጠሎቹ ቀጥ ብለው አንድ ወጥ የሙጫ ግድግዳ ላይ የሚያልቁ ከሆነ ግን ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእሱ ነው።

ቀጥሎ የውስጠኛውን ኅዳግ ይለኩ፤ ማለትም ከሙጫው እስከ ጽሑፉ መጀመሪያ ያለውን ባዶ ቦታ። መለኪያውን የመጽሐፉ መሃል ላይ ያድርጉ፣ ምክንያቱም ኅዳጉ ጠባብ መስሎ የሚታየው እዚያ ነው። ይህች ቁጥር የቀረውን ሥራ ሁሉ ትወስናለች። የሙጫው ጠርዝ ሲቆረጥ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይጠፋል። የሽቦ ጥረዛ ቀዳዳ ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል። የቀለበት ማኅደር ቀዳዳ ደግሞ በዓለም አቀፉ መለኪያ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት መሃሉ ከጠርዙ 12 ሚሊ ሜትር ገባ ይላል፤ ስለዚህ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። ሲደመር ለሽቦ 14፣ ለቀለበት 20 ሚሊ ሜትር ያህል መኖር አለበት። ከ14 በታች ከሆነ አይብሱት፤ በደረጃ 7 የምነግርዎት ያለ ቀዳዳ የሚሠራ ጥረዛ አለ።

ሦስተኛው የቃጫው አቅጣጫ ነው፤ ብዙ ሰው አያየውም። ወረቀት የሚሠራበት ቃጫ በአንድ አቅጣጫ ይተኛል። አንድ ቅጠል ከላይ ወደ ታች በሚሄድ መስመር ቀስ ብለው ያጉብጡት፤ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ በሚሄድ መስመር ያጉብጡት። በቀላሉ የሚጎብጠው ቃጫው በሚተኛበት መስመር ነው። ቃጫው ከጀርባው ጋር ትይዩ ከሆነ ቅጠሉ በለስላሳው ይዞራል። ጀርባውን አቋርጦ ከሄደ ግን ቅጠሉ እንደ ሰሌዳ ይገተራል፣ እርጥበት ሲያገኘውም ከሙጫው አጠገብ ይሸበሸባል። እንዲህ ያለውን ማኑዋል በሙጫ እንደገና መጠረዝ ድካም ነው፤ ሽቦ ወይም ቀለበት ብቻ ነው የሚያሳርፈው።

የማይቆረጥም አለ፤ የቤተ መጻሕፍት ወይም የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነ ባለቤቱን ያስፈቅዱ።

ደረጃ 2፦ አዲስ ከሆነ ማለማመድ፣ አንድ ቅጠል ብቻ ከወደቀ መልሶ መትከል

አዲስ መጽሐፍ ከቀዝቃዛ ቦታ ከመጣ ለጥቂት ሰዓት ሞቅ ባለ ክፍል ይቆይ። ከዚያ ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው የፊቱን ሽፋን ያውርዱ፣ ቀጥሎ የኋላውን። አሥር አሥር ቅጠል ከፊትም ከኋላም እያፈራረቁ ያውርዱና በየጊዜው ከጀርባው ጎን በጣትዎ በቀስታ ይጫኑ። ወደ መሃል የሚደርሱት በመጨረሻ ነው። በመጀመሪያው ቀን መሃሉን ገልጦ መጫን ሙጫውን አንድ ቦታ ላይ መስበር ነው፤ እኔ ካበላሸኋቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ የተበላሹት እንዲህ ነው።

የወደቀ ቅጠል ሲኖር ግልጽ ፕላስተር ይተው። ሙጫው በጊዜ ብዛት ይበክታል፣ ወደ ጎረቤት ገጾች ይሻገራል፣ ጀርባውን በአንድ በኩል ያወፍራል። የሚያስፈልግዎት ሲደርቅ የሚተጣጠፍ ነጭ ኮላ ነው። ቅጠሉን ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ያኑሩት፤ በሌላ ወረቀት ሸፍነው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጠርዙን ብቻ ያስቀሩ፤ ኮላውን በስሱ ይቀቡ። ሸፋኙን አንሥተው ቅጠሉን እስከ ሙጫው ግድግዳ ድረስ ያስገቡት፤ ከሁለቱም ጎን ሰም የተቀባ ወረቀት ወይም ስስ ላስቲክ ያድርጉና መጽሐፉን ዘግተው ክብደት ጭነውበት ይደር። የወደቁት ከአምስት ስድስት በላይ ከሆኑ ግን ሙጫው በሙሉ ሞቷል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ አንድ በአንድ መትከል ዋጋ የለውም።

ደረጃ 3፦ የት የት እንደሚከፈል መወሰን

የሥራው ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ በምን እንደምጠርዝ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ የማስበው ስንት ላይ እንደምከፍለው ነው። 80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። ዘጠኝ መቶ ገጽ 450 ቅጠል ነው፤ ወደ 45 ሚሊ ሜትር። ይህን ውፍረት ተዘርግቶ እንዲተኛ ማድረግ በየትኛውም ጥረዛ ከባድ ነው። በሦስት ሲከፈል ግን እያንዳንዱ 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በአንድ እጅ የሚነሳ፣ ከኪቦርዱ ጎን ያለ ምንም መያዣ የሚተኛ ነገር ነው።

አከፋፈሉ በእኩል ውፍረት መሆን የለበትም። የሶፍትዌር ማኑዋል ውስጡ ሦስት የተለያዩ መጻሕፍት ናቸው። አንደኛው የሚነበበው ክፍል ነው፤ መግቢያ፣ አጫጫን፣ የመጀመሪያ ልምምድ። ይህን ካወቁት በኋላ አይመለሱበትም። ሁለተኛው የሚፈለገው ክፍል ነው፤ የትእዛዞች ዝርዝር፣ የስሕተት መልእክቶች፣ የማስተካከያ አማራጮች። ዕድሜ ልክ የሚያገለግልዎት ይህ ነውና ጥሩውን ጥረዛ ለዚህ ያድርጉ። ሦስተኛው ማውጫው ነው፤ ከፊት ያለው የምዕራፎች ዝርዝርና ከኋላ ያለው በፊደል ተራ የተደረደረው የቃላት ማውጫ።

ማውጫውን ለብቻው ይጠርዙት። ይህን ምክር ከሌላው ሁሉ በላይ እወደዋለሁ። በተለመደው መጽሐፍ ማውጫው ላይ ቃሉን ያገኛሉ፣ ሦስት የገጽ ቁጥሮች ይሰጥዎታል፣ የመጀመሪያውን ገልጠው ሲያዩት የሚፈልጉት አይደለም፤ ሁለተኛውን ለማወቅ ከኋላ እንደገና መፈለግ አለብዎት፤ ሲመለሱ ደግሞ የነበሩበት ገጽ ጠፍቷል። ማውጫው ሠላሳ ቅጠል ያላት ቀጭን ደብተር ሆና ከጎን ተዘርግታ ስትቀመጥ ሦስቱም ቁጥሮች ከዓይንዎ ሥር ናቸው። በዚያ ሌሊት ይህ ቢኖረኝ ኖሮ የጠፋው ሰንጠረዥ በተጨማሪ መረጃው ክፍልም በአጭሩ መኖሩን ሳልቸገር አገኘው ነበር፤ በማግስቱ ነው ያየሁት።

የምዕራፍ ወሰን ከቅጠል ወሰን ጋር ላይገጥም ይችላል። አንድ ክፍል በቅጠሉ ጀርባ የሚጀምር ከሆነ ያን ቅጠል ፎቶ ኮፒ አድርገው ለሁለቱም ጥራዞች ይስጡ። የምዕራፎቹን ዝርዝርም ኮፒ አድርገው በየጥራዙ ፊት ያስገቡ።

ደረጃ 4፦ መፍታት

መጀመሪያ አንድ ነገር ያድርጉ፤ አንድ ደቂቃም አይፈጅም። መጽሐፉን ዘግተው አጥብቀው ይያዙና በላይኛው ጠርዝ፣ በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ፣ ከፊት ሽፋን እስከ ኋላ ሽፋን የሚያቋርጥ አንድ ሰያፍ የእርሳስ መስመር ያስምሩ። ከዚህ በኋላ ቅጠሎቹ ቢወድቁም ቢቀላቀሉም ደርድረው ሲይዟቸው ከቦታው የወጣ ቅጠል በመስመሩ ላይ እንደ ጥርስ ብቅ ብሎ ይታያል። ከተደባለቁ 450 ቅጠሎች ውስጥ የተሳሳተውን በዓይን ማግኘት የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።

ሽፋኑን ይግለጡ፤ ሽፋኑና የመጀመሪያው ቅጠል በሚገናኙበት መታጠፊያ ላይ በወረቀት ቢላ ከላይ እስከ ታች ይቁረጡ። በኋላውም በኩል እንዲሁ። የጀርባው ወረቀት ብዙ ጊዜ ተላጦ ይወጣል፤ ካልወጣ ይተዉት። አሁን ሊከፍሉበት የወሰኑት ቦታ ላይ ገልጠው በደንብ ይጫኑት፤ ሙጫው ሲታይ በውስጥ በኩል ቢላውን በሙጫው ውስጥ ያሳልፉ። ለሥራ እንዲመች እያንዳንዱን ክፍል እንደገና ሃምሳ ሃምሳ ቅጠል አድርገው ይለያዩት።

ሙጫ ያለበትን ጠርዝ ለማስወገድ ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ የማተሚያ ቤት የወረቀት መቁረጫ ማሽን ነው፤ ክምሩን ተጭኖ ይይዝና ባንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። ለሠራተኛው ሁለት ነገር አጥብቀው ይንገሩ፦ የሚቆረጠው የጀርባው በኩል ብቻ ነው፣ ከዚያም 4 ሚሊ ሜትር ብቻ። ካልነገሩት በሙያው ልማድ አራቱንም ጎን ያስተካክልልዎታል፤ አንድ ጊዜ ከገጽ ቁጥሮች ላይ ግማሹ ተቆርጦ ተመልሶልኛል። ሁለተኛው በእጅ ነው፤ የብረት ማስመሪያ፣ ከሥር ወፍራም ካርቶን፣ አዲስ ስለት። ከ15 ቅጠል በላይ አይደራርቡ፤ በአንድ ኃይለኛ ጭረት ፋንታ አምስት ስድስት ጊዜ ቀለል አድርገው ይሳቡ። ማስመሪያው ሸርተት የሚለው ሰው ሲቸኩል ነው፤ የያዘው እጅ ጣቶች ሁልጊዜ ከስለቱ መንገድ ውጭ ይሁኑ።

ኅዳጉ ጠባብ ለሆነና አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ማጣት ለማይችል መጽሐፍ ሦስተኛ አማራጭ አለ። ኢቪኤ ሙጫ በሙቀት ስለሚላላ ጀርባውን በፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ደቂቃ ሞቅ አድርገው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ መሳብ ይቻላል። ሙቀቱ ጀርባው ላይ ብቻ ይሁን፤ በሌዘር ፕሪንተር የታተመ ከሆነ ጽሑፉ ራሱ በሙቀት ለስልሶ ገጾቹን ሊያጣብቅ ይችላል። ሙጫው ፒዩአር ከሆነ ይህ አይሠራም፤ አንዴ ከደረቀ በሙቀት አይመለስም።

ሲጨርሱ ክምሩን እንደ ካርታ እያራገፉ ያፍታቱት። የተጣበቁ ቅጠሎችን ይለያዩ፣ የሙጫ ፍርፋሪውን ያራግፉ፣ የገጽ ቁጥሮቹንም አንድ ጊዜ ቆጥረው ያረጋግጡ። የጎደለ ካለ ኮፒ የሚፈልጉለት ጊዜ አሁን ነው።

ደረጃ 5፦ የጥረዛውን ዓይነት መምረጥ

በጅምላ ስፓይራል ተብለው የሚጠሩት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስትጠይቁ የትኛውን እንደሆነ ካልነገራችሁ የተገኘው ይሰጣችኋል።

የመጀመሪያው ድርብ ሽቦ ነው። ገጹ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ተዘርግቶ ይተኛል፣ የግራና የቀኝ ገጾች መስመር ይገጥማል። ለፍለጋ ክፍሉ የምመርጠው ይህን ነው። ድክመቱ ሽቦው ከተጨፈለቀ ገጾቹ መያዛቸው ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ሌላ ከባድ ነገር አይጫንበት። ትልቁ መጠን 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ ግን ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ አልሄድም።

ሁለተኛው ጥምዝ ፕላስቲክ ነው። ቢጨፈለቅ መልሶ ይነሳልና ይዞት ለሚንቀሳቀስ ሰው ይሻላል። ጥምዙ እየወጣ ስለሚሄድ ግን ሲገለጥ አንዱ ገጽ ከሌላው ትንሽ ከፍ ይላል፤ በሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋ ሰንጠረዥ ካለ ዓይንን ያሰናክላል።

ሦስተኛው የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለው ፕላስቲክ ነው። እስከ 51 ሚሊ ሜትር ድረስ ይገኛል፤ ተከፍቶ ቅጠል ሊጨመርበት ይችላል። ነገር ግን ወደ ኋላ ታጥፎ አይዞርም፤ ጥርሶቹም ከጊዜ በኋላ ይላላሉ፣ ከዚያ ቅጠሎች ከጥግ በኩል መውጣት ይጀምራሉ። ለሚነበበው ክፍል ይበቃል።

ቀለበት ያለው ማኅደር ወይም ቦክስ ፋይል አንድ ገጽ አውጥቶ ስክሪኑ ጎን ለመለጠፍ፣ ሥራው ሲያልቅም ለመመለስ በቀላሉ የሚያስችል ብቸኛው መንገድ ነው። በየጊዜው የሚለወጥ የውስጥ መመሪያ ካለዎት ከዚህ የተሻለ የለም። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ብዙ የኮምፒውተር መጻሕፍት ስፋታቸው 178፣ ቁመታቸው 235 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ አራት ቀለበቱ ማኅደር ቀዳዳዎቹ በ80 ሚሊ ሜትር ርቀት የተቀመጡ ናቸውና ከጫፍ እስከ ጫፍ 240 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል፤ መጽሐፉ አይበቃውም። ስለዚህ ባለ ሁለቱን ይጠቀሙ፣ አዘውትረው የሚገልጧቸውን ቅጠሎች ቀዳዳ ደግሞ በማጠናከሪያ ክብ ወረቀት ይደግፉ።

ደረጃ 6፦ መብሳትና ሽቦውን መዝጋት

ጥሩውን ቅጠል ከመንካትዎ በፊት በዚያው መጠን በተቆረጠ ባዶ ወረቀት ይሞክሩ። መብሻ ማሽኖቹ ለኤፎር ወረቀት የተሠሩ ናቸው፤ ለምሳሌ በሁለት ለአንዱ ልኬት (በአንድ ኢንች ሁለት ቀዳዳ) ኤፎር ላይ 23 ቀዳዳ ይወጣል። 235 ሚሊ ሜትር ቁመት ባለው መጽሐፍ ላይ የሚገባው ግን 18 ነው። ወረቀቱን ያለ ማስተካከያ ካስገቡት የመጨረሻው ቀዳዳ ግማሹ ከጠርዙ ውጭ ይወድቅና ጥጉ ይቀደዳል። ማሽኑ ፒኖቹን ማውጣት የሚያስችል ከሆነ የተረፈውን ፒን ያውጡ፤ ካልሆነ የጎን መደገፊያውን እያንቀሳቀሱ ከላይም ከታችም እኩል ቦታ እስኪተርፍ ድረስ ይሞክሩ። ሽቦውንም በመቁረጫ 18 ዓይን አድርገው ያሳጥሩት።

በእጅ ማሽን በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቅጠል ብቻ ይብሱ። ለሙሉ መጽሐፍ ቢያንስ 30 ጊዜ መጫን ማለት ነው፤ ይሰለቻል፣ ነገር ግን 25 ቅጠል በግድ ሲያስገቡ የታችኞቹ ቀዳዳዎች ይጣመማሉ፣ ከዚያ ቅጠሎቹ በሽቦው ላይ ሲዞሩ ይነካከሳሉ። በእያንዳንዱ ዙር ጠርዙን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርገው ያስተካክሉና ሁልጊዜ በአንድ በኩል ይደግፉት።

የሽቦው መጠን ከክምሩ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይብለጥ። ለ15 ሚሊ ሜትር ክምር 19 የሚባለው ይስማማል። ሽቦው ከመዘጋቱ በፊት የኋላውን ሽፋን፣ የውስጥ ገጹ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከፊተኛው ሽፋን በላይ ያድርጉት። ሽቦው ከተዘጋ በኋላ የኋላውን ሽፋን አዙረው ወደ ቦታው ሲመልሱት የሽቦው መጋጠሚያ በእሱና በመጨረሻው ቅጠል መካከል ተሸሽጎ ይቀራል፤ ያለዚያ ቅጠሎች በዚያች ክፍተት እያመለጡ ይወጣሉ። ሲዘጉ ሁለቱ ጫፎች እስኪገናኙ ብቻ ይጫኑ። አልፎ ከተጫነ ሽቦው እንቁላል ቅርጽ ይይዛል፣ ገጹም ቀጥ ብሎ አይዞርም።

ደረጃ 7፦ ኅዳጉ ጠባብ ለሆነው፣ ያለ ቀዳዳ

ይህ አሠራር ከጀርመናዊው ከኤሚል ሉምቤክ ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይሠራበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሙጫው የቅጠሎቹን ጫፍ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ቅጠል ጠርዝ በሁለቱም ፊት እንዲይዝ ማድረግ። ከማሽን ሙጫ የሚበልጠውም ለዚህ ነው።

ክምሩን በጀርባው በኩል መታ መታ አድርገው ያስተካክሉ። በሁለት ጣውላ መካከል ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ፣ ከጣውላው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይሰር። ወጣ ያለውን ክፍል በአንድ እጅዎ ወደ ቀኝ ያጋድሉት፤ ጠርዞቹ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ፣ የእያንዳንዱ ቅጠል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ይላል። በዚያ ላይ ነጭ ኮላ በስሱ፣ በአጠቃላይ እንዲዳረስ በብሩሽ ይቀቡ። ወደ ግራ ያጋድሉትና እንደገና ይቀቡ። ከዚያ ቀጥ አድርገው ይመልሱ፣ ጣውላዎቹን ወደ ጀርባው ጫፍ አስጠግተው አጥብቀው ይሰሩ። ኮላው ሳይደርቅ ከጀርባው በእያንዳንዱ ጎን 2 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ የአቡጀዲ ቁራጭ ይለጥፉበትና በላዩ አንድ ጊዜ ኮላ ይድገሙት። 24 ሰዓት ይቆይ። በሁለተኛው ሰዓት ደርቋል ብዬ የገለጥኩት አንድ ጥራዝ አለኝ፤ መሃሉ ላይ እስከ ዛሬ ድረስ ክፍት ነው።

ሽፋን ሲያለብሱት ጀርባውን አያጣብቁ። ሽፋኑ የሚያያዘው ከጎን በተረፈው ጨርቅ ላይ ብቻ ነው። ማኑዋሉ ሲገለጥ ጀርባው ከሽፋኑ ተለይቶ ወደ ላይ ሲጎብጥ ያዩታል፤ ያ ክፍተት ነው ገጹን የሚያስተኛው።

ደረጃ 8፦ ከፒዲኤፍ ራስዎ የሚያትሙት ከሆነ

ዛሬ ብዙው ማኑዋል በፋይል ነው የሚመጣውና ጥረዛውን አስቀድሞ አስቦ ማተም ከሁሉ ይቀላል። ገጾቹ በሁለት ፊት ሲታተሙ የውስጠኛው ኅዳግ በግራና በቀኝ እየተፈራረቀ 20 ሚሊ ሜትር ይሁን። በፕሪንተሩ ማስተካከያ ገጹ በረጅሙ ጎን የሚገለበጥበትን ይምረጡ፤ በአጭሩ ጎን ከተመረጠ የየቅጠሉ ጀርባ ተዘቅዝቆ ይወጣል። እያንዳንዱ ምዕራፍ በቀኝ ገጽ እንዲጀምር ባዶ ገጽ ያስገቡ፤ ያኔ በፈለጉት ምዕራፍ ላይ መክፈል ይችላሉ። አንድ ደስታ ወረቀት ከመጨረስዎ በፊት አራት ቅጠል አትመው፣ በስተው፣ ሽቦ ላይ አድርገው ይሞክሩት። የማይገልጡትን ክፍል አያትሙ።

ደረጃ 9፦ መለያና አቀማመጥ

በእያንዳንዱ ጥራዝ ፊት ላይ የሶፍትዌሩን ስም፣ የዕትሙን ቁጥርና የያዛቸውን ገጾች ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ገጽ 301–640»። የዕትሙ ቁጥር ካልተጻፈ ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ አያውቁም። ለሽፋን ከ250 እስከ 300 ግራም ካርቶን ይበቃል። የፍለጋ ክፍሉ ላይ በፊደል ተራ የሚወርዱ የወረቀት መለያዎችን ከጎን ይለጥፉ፤ አንዱ ሌላውን እንዳይሸፍን በደረጃ ዝቅ ዝቅ ይበሉ።

ጠረጴዛው ላይ ማውጫው ከኪቦርዱ በስተግራ፣ የፍለጋ ክፍሉ በስተቀኝ ይቀመጥ፤ ግራ እጅ የሚቀናዎት ከሆነ በተቃራኒው። አዲስ ዕትም ሲመጣ ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠው ያውጡት፣ የተለወጡትን ምዕራፎች ብቻ አትመው በቦታቸው ይተኩ፣ በእጅ የጻፉባቸውን የቆዩ ቅጠሎች ያስቀሩ፣ በአዲስ ሽቦም ይዝጉት። የእኔ የዳታቤዝ ማኑዋል እንዲህ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ተዘግቷል። ገጽ 611ን ከሥራ ባልደረባዬ መጽሐፍ ኮፒ አድርጌ ያስገባሁት በመጀመሪያው ዙር ነው፤ ወረቀቱ ከጎረቤቶቹ ነጣ ስለሚል ሳልፈልገው እንኳ ከጠርዙ ይታየኛል።